ጋሽ አበራ የሳሏት ጃፓን

ጋሽ አበራ ጠቅልለው ጃፓን ከገቡ ግማሽ ዓመት ሊሆናቸው ነው። ሆላንድ፣ ዞተርሜር ከተማ ያለውን የኪራይ ቤታቸውን ቁልፍ አስረከቡ፣ ድስቶቻቸውን ለጎረቤት አደሉ፣ ብስክሌታቸውን ዴልፍት ለሚማር ልጅ ሰጡና ሄዱ። ሮተርዳም ግን እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አዳራሽ ውስጥ ስንሰባሰብ ወሬያቸው እስካሁን አልተቋረጠም። ባለፈው ሳምንት አንዲት ሴት፣ «ምን ነካቸው? ሰው በሰባ ዓመቱ አዲስ አገር ይጀምራል?» ብትል፣ አጠገቧ የተቀመጠው ሰው ሻዩን እያማሰለ፣ «እሳቸው እኮ ከመሄዳቸው በፊትም እዚያው ነበሩ» አላት።

ሁላችንም ሳቅን። 

ከጋሽ አበራ ጋር የተዋወቅነው ሮተርዳም ውስጥ በምሠራበት ማተሚያ ቤት ነው። ሥራዬ የሰውን ጽሑፍና ሥዕል በገጽ በገጽ አሰናድቶ ለኅትመት ማብቃት ነው። የአማርኛ ፊደል የምለይ እኔ ብቻ ስለሆንኩ የሐበሻ ደንበኛ ሲመጣ፣ የሠርግ ጥሪም ይሁን የዕድር ማስታወቂያ፣ ወደ እኔ ይመሩታል። አንድ ዝናባማ ጠዋት ረጅም፣ ቀጭን፣ ጥቁር ኮፍያ ያደረጉ ሰውዬ የፒዛ ካርቶን በሁለት እጃቸው እንደ ታቦት ከፍ አድርገው ገቡ። እንግዳ ተቀባዩ ልጅ ምሳ ያመጡ መስሎት ነበር።

«የኔ ልጅ፣ አማርኛ የምታትሚው አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ። ትዕግሥት እባላለሁ።»

«ስምሽ ለሥራው ይስማማል። ትዕግሥት ይፈልጋል» አሉና ካርቶኑን ከፈቱት።

ውስጡ ሥዕል ነበር። በወፍራም ወረቀት ላይ በቀለም የተሠራ፣ ከሥሩ በትልልቅ ፊደል ጥቂት መስመር የተጻፈበት፣ ብዙ ሥዕል። የመጀመሪያው ላይ «ጃፓን ለእንግዳ» ይላል። ቀጥሎ የቤት በር፤ በሩ ላይ ጫማዎች አፍንጫቸውን ወደ ውጭ አዙረው ተደርድረዋል። «ስትገባ አውልቅ። አውልቀህም አዙረህ አስቀምጠው፤ ስትወጣ ጫማህ ይጠብቅህ» ይላል ከሥሩ። ቀጥሎ አንድ ክራቫት ያሰረ ሰው የፓስታ ሾርባ በኃይል እየማገ፣ «ድምፅ አሰማ። እናትህ ብታይህ ትቆጣሃለች፤ ያበሰለችልህ ጃፓናዊት ግን ደስ ይላታል።» የባቡር ሥዕል አለ፣ ተሳፋሪው ሁሉ ዝም ያለ፤ መሐል ላይ አንድ ሐበሻ ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፎ አፉን ከፍቷል፣ ሰዉም ጫማ ጫማውን እያየ ነው። የመጸዳጃ ቤት ሥዕልም ነበር፤ ግድግዳው ላይ ብዙ ቁልፍ፣ ከመቀመጫው ወደ ላይ የሚፈነጥቅ ውሃ፣ «የማታውቀውን አትንካ» የሚል ማሳሰቢያ።

ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። ይበልጥ የገረመኝ ግን የሰዎቹ ዓይን ነበር። ጃፓኖቹ ሁሉ፣ ባቡር ነጂውም፣ አስተናጋጇም፣ ዓይናቸው እንደ ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ሥዕል ትልልቅና ክብ ነው።

«ጋሼ፣ ዓይናቸው...»

«ልጄም ይህንኑ ትለኛለች። እኔን ግን ሲያዩኝ ሁልጊዜ ትልቅ ሆኖ ነው የታየኝ። ከልቡ የሚያይሽ ሰው ዓይኑ ትልቅ ነው።»

አዲስ አበባ ሳሉ የሱቅ ታፔላ ሠዓሊ ነበሩ። የፀጉር ቤት፣ የሥጋ ቤት፣ የልብስ ስፌት ታፔላ እየሣሉ ነበር የኖሩት። እዚህ ከመጡ በኋላ ግን ታፔላ በእጅ የሚያሠራ ስላጡ ታክሲ መንዳት ጀመሩ።

«ጃፓን ስንት ዓመት ኖሩ?» አልኳቸው።

«እግሬ ረግጧት አያውቅም።»

የያዝኩትን ሥዕል ቀስ ብዬ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። ፊቴን አይተው ሳቁ።

«እኔ አልሄድኩም። የሄዱት፣ የመጡት፣ እዚያ የተወለዱት ግን ከኋላዬ ተቀምጠዋል።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ጋሽ አበራ አምስተርዳም አውሮፕላን ማረፊያ ተሳፋሪ ይጭኑ ነበር። እዚያው አጠገብ ያለችው አምስተልቨን ደግሞ ከድርጅት ጋር የመጡ የጃፓን ቤተሰቦች የበዙባት ከተማ ናት። አንድ ቀን በዝናብ የጫኗቸው አንዲት አሮጊት አምስተልቨን ሲደርሱ ከመኪናው ወርደው፣ ሻንጣቸውን ተቀብለው፣ ተመልሰው በሩን ከፈቱ። አንድ ነገር የረሱ መስሏቸው ጋሽ አበራ ዞር ቢሉ፣ ሴትዮዋ የገዛ መሐረባቸውን አውጥተው ካፖርታቸው ያረጠበውን መቀመጫ እያደረቁ ነው። ጋሽ አበራ «ይተዉት» ቢሉ አልሰሙም። «ከኔ ቀጥሎ የሚቀመጥ ሰው አለ» አሏቸው በተሰባበረ እንግሊዝኛ።

«ከዚያ ቀን ጀምሮ አላስቻለኝም» ይላሉ ጋሽ አበራ። «ይህን ያስተማረ አገር ሌላ ምን ያስተምራል? አልኩ።»

ከዚያ በኋላ የጫኑትን ጃፓናዊ ሁሉ ይጠይቁ ጀመር። ደንብ ነበራቸው፤ «አንድ ሰው፣ አንድ ጥያቄ» ይላሉ። ሁለተኛ ጥያቄ አይጨምሩም። ሰውን ማሰልቸት ነው፣ ከዚያ ወዲያ መንገዱን ዝም ብሎ መንዳት ነው። ጥያቄዎቻቸው የዋዛ አልነበሩም። ለአንዱ፣ «ስጦታ ስትቀበሉ ለምን ሰጪው ፊት አትከፍቱትም?» ለሌላው፣ «የመብያ እንጨቱን፣ ቾፕስቲኩን፣ ሩዝ ላይ ቀጥ አድርጎ ማቆም ምኑ ነው የሚከፋው?» ይላሉ። ቤት ሲገቡ የሰሙትን ይሥላሉ።

ከማኅበረሰባችን የሚቀልዱባቸው አልጠፉም። አንድ ለስብሰባ ቶኪዮ ደርሶ የተመለሰ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ እሑድ አዳራሽ ውስጥ ሥዕሎቹን እያገላበጠ፣ «ጋሽ አበራ፣ ይሄ እኮ እንዲህ አይደለም! በተንቀሳቃሽ ደረጃ ላይ ቶኪዮ በግራ ነው የሚቆመው» አላቸው፣ ሰዉ እንዲሰማ ድምፁን ከፍ አድርጎ። እኔ አፈርኩላቸው። እሳቸው ግን ፊታቸው በርቶ እርሳስ ከደረት ኪሳቸው መዘዙ።

«ጎሽ! በግራ ቆሞ በቀኝ ማሳለፍ ነው? ሁሉም ከተማ እንዲህ ነው?»

ልጁ ሊያሳፍር መጥቶ አንድ ሰዓት ሙሉ ሲያስረዳ ቆየ። በመጨረሻ ኮፍያቸውን አንሥተው አመሰገኑት። «ስህተቴን ያሳየኝ ሰው አንድ ገጽ ጨመረልኝ» ሁልጊዜ የሚሉት ነበር። በሕይወቴ መሳሳት እንዲህ የሚያስደስተው ሌላ ሰው አላየሁም።

ገጾቹን አሰናድቼ የመጀመሪያው ናሙና ሲወጣ፣ «ዴን ሃግ ከተማ አብረን እንሂድ፣ የሚያነብልኝ ሰው አለ» አሉኝ። አንድ ምሁር ወይም አስተማሪ ጠብቄ ነበር። የሄድነው ግን ታላቅ እህታቸው እትዬ ውብዓለም ቤት ነው።

እትዬ ውብዓለም ሰማንያ ሊሞላቸው የደረሰ፣ አንገታቸው ዙሪያ በመስመር በመስመር የተነቀሱ፣ ግንባራቸው ላይ መስቀል ያለባቸው ሴት ናቸው። ቴሌቪዥኑን ድምፁን አጥፍተው የበረዶ ሸርተቴ ሩጫ ያያሉ። ክረምቱን በሙሉ እንዲህ ነው የሚያሳልፉት፤ የሯጮቹን ስም ሳይቀር ያውቃሉ።

«እነዚህ ልጆች ወገባቸውን አያማቸውም?» አሉኝ ከሰላምታው ቀጥሎ።

ነገሩ የገባኝ እዚያ ሶፋ ላይ ነው። የጋሽ አበራ ባለቤት ያረፉት ልጃቸው ሂሩት ገና ሕፃን ሳለች ነው። ሂሩትን ያሳደጓት እትዬ ውብዓለም ናቸው፤ ጋሽ አበራን ራሳቸውንም በልጅነታቸው ያሳደጓቸው እሳቸው ናቸው። ሂሩት አምስተርዳም ስትማር ታኩያ ከሚባል ጃፓናዊ መሐንዲስ ጋር ተዋደደች፤ ሊጋቡ ነው፤ ሠርጉም እሱ በተወለደበት በተራራ ሥር ባለች ከተማ ሊሆን ነው። እትዬ ውብዓለም አልተቆጡም፣ አልረገሙም። «እኔ አልሄድም» ብቻ አሉ። ያለ እሳቸው ደግሞ ሂሩት ሠርግ የሚባል ነገር አትሰማም።

ጋሽ አበራ ያን ሁሉ ሥዕል የሠሩት ለመንገደኛ ሁሉ መስሎኝ ነበር። መጀመሪያ የተሠራው ግን ለአንዲት ሴት፣ ለእትዬ ውብዓለም፣ ነው። ፊደሉ የተለቀው የእሳቸው ዓይን ስለደከመ ነው።

እትዬ ውብዓለም መነጽራቸውን አድርገው እንደ ዳዊት ድምፃቸውን እያሰሙ አነበቡ። ሁለት ሰዎች በር ላይ ቆመው የሚያሳየው ገጽ ላይ ሲደርሱ ቆም አሉ። አንዱ ግቡ ይላል፣ ሌላው አላስቸግርም ይላል። ከሥሩ፣ «‹ትንሽ ያስቸግራል› ካሉህ ‹አይሆንም› ማለታቸው ነው። ይህን ለሐበሻ ማስረዳት አያስፈልግም» ተብሎ ተጽፏል።

«ይሉኝታ አላቸው እንዴ?»

«ከኛ ይብሳል፣ እቴቴ።»

«እስቲ!» አሉና ገጹን ገለጡ። ቀጥሎ የጾም ገጽ ነበር። ብዙው ሾርባ የዓሣ ውሃ እንዳለበት፣ ዓሣ የማይበላበትን ጾም የሚጾም ሰው ግን የመነኮሳቱን ምግብ ብሎ ቢጠይቅ ከአትክልትና ከአኩሪ አተር ብቻ የተሠራ እንደሚያገኝ ይናገራል። እትዬ ውብዓለም መነጽራቸውን አወለቁ።

«መነኮሳት አሏቸው?»

«አሏቸው።»

«ሥጋ አይበሉም?»

«ደንቡ አይፈቅድም።»

ወደ ቴሌቪዥኑ ዞሩ። «ፓስፖርቴ ጊዜው አልፎበት ይሆን?» አሉ፣ ለራሳቸው እንደሚናገር ሰው። ጋሽ አበራ ወደኔ ሳይዞሩ ቀጣዩን ገጽ ገለጡላቸው።

ማተም ልንጀምር በተዘጋጀንበት ሳምንት ጋሽ አበራ ማተሚያ ቤት መጡ፣ ኮፍያቸው ከነዝናቡ፣ ሰላም ሳይሉ።

«ትዕግሥት፣ አቁሚው። አንድ ገጽ ይጎድላል።»

የታኩያ ቤተሰቦች የሚኖሩባት ከተማ ፍልውሃ የሚፈልቅባት ናት። ለሙሽራዋ ወገን ክብር ሲሉ ከሠርጉ ማግስት ሁሉንም ወደ ፍልውሃ ሊወስዱ አስበዋል፤ ሴቱ ለብቻ፣ ወንዱ ለብቻ። ጋሽ አበራ ስለ ፍልውሃው አንድ ገጽ ለማዘጋጀት በዚያ ጠዋት ለጫኑት ሰው አንዷን ጥያቄያቸውን ጠየቁ፤ ፍልውሃ የሚገባ እንግዳ ከምን ይጠንቀቅ? ሰውየው ራቁትን መግባት፣ ከመግባት በፊት ሰውነትን በሳሙና መታጠብ፣ ፎጣን ውሃው ውስጥ አለመንከር እያለ ቆጠረላቸው። በመጨረሻ፣ «ንቅሳት ያለበት ሰው በብዙ ቦታ አይገባም» አላቸው። እዚያ አገር ንቅሳት የወሮበሎች ምልክት ሆኖ ስለኖረ፣ በር ላይ ይመልሱታል።

ጋሽ አበራ ሰውየውን አድርሰው መኪናቸውን ዳር አስያዙና ብዙ ተቀመጡ።

«ለእትዬ ውብዓለም ባይነግሯቸውስ?» አልኳቸው። «በሆነ ሰበብ ፍልውሃውን ማስቀረት ይቻላል እኮ። ራሳቸውን አመማቸው ቢባል...»

«እህቴን ልዋሻት?» አሉኝ፣ ሳይቆጡ። «ደግሞስ ሳታውቅ ሄዳ እዚያ በር ላይ አንዱ ቢነግራት? ቤቷ ተቀምጣ ከኔ ትስማው።»

በማግስቱ አብሬያቸው እንድሄድ ለመኑኝ። እትዬ ውብዓለም ያው ሩጫቸውን ያያሉ። ጋሽ አበራ ካፖርታቸውን ሳያወልቁ የሶፋው ጠርዝ ላይ ተቀምጠው ነገሩን ከጫፍ እስከ ጫፍ ነገሯቸው። እትዬ ውብዓለም እጃቸውን ቀስ አድርገው አንገታቸው ላይ አሳረፉ።

«እማዬ ናት ያስነቀሰችኝ» አሉ። «ሲወጉኝ አልቅሼ ነበር። ሲያልቅ መስታወት ሰጠችኝ። ከኔ ወዲያ ቆንጆ ያለ አልመሰለኝም።» ትንሽ ሳቁ። «በሸመገልኩ ሽፍታ ልባል ነዋ!»

ሳቁ ቶሎ ከፊታቸው ጠፋ።

«እንግዲህ ያለኔ ዳሯት» አሉ።

ጋሽ አበራ ይለምናሉ ብዬ ጠበቅሁ። አልለመኑም። ካፖርታቸውን አወለቁ፣ አጠገባቸው ሶፋው ላይ ገብተው ተቀመጡ፣ የቀረውን ሩጫ ከእሳቸው ጋር እስከ መጨረሻው አዩ። ካለቀ በኋላ ከናሙናው ላይ አንድ ገጽ ገልብጠው በባዶው ጀርባ ላይ እርሳሳቸውን አሳረፉና፣ «እቴቴ፣ ወደ መስኮቱ ዞር በይልኝ» አሉ።

በዚያ ሁሉ ዓመት እህታቸውን ሥለዋቸው አያውቁም ነበር። እትዬ ውብዓለም ነጠላቸውን ሊከናነቡ ሲሉ፣ «ተይው፣ አንገትሽን ነው የምሥለው» አሏቸው። እያንዳንዷን መስመር፣ በግንባራቸው ላይ ያለውን መስቀል፣ ከጆሯቸው ሥር ያለችውን ትንሽ ነጥብ ሳይቀር ሣሉ። ከሥሩም እንዲህ ጻፉ፤ «ይህች እህቴ ውብዓለም ናት። እኔንም፣ የእናንተን ሙሽራም ያሳደገች እሷ ናት። አንገቷ ላይ ያለው የእናታችን ስጦታ ነው፤ ግንባሯ ላይ ያለው እምነቷ ነው። ወደ ውሃችሁ ስትገባ ልብሷን ሁሉ ታወልቃለች፤ ይህን ግን ማውለቅ አትችልም። ምን እናድርግ?»

ሂሩት ጽሑፉን ወደ ጃፓንኛ መልሳ ሥዕሉን በስልክ ለታኩያ እናት ላከችው። ጥቂት ቀናት መልስ አልመጣም። ጋሽ አበራ በነዚያ ቀናት ማንንም ተሳፋሪ ምንም አልጠየቁም።

መልሱ የመጣ ዕለት ሂሩት አባቷን ይዛ አክስቷ ቤት ገባች፤ እኔንም ጠሩኝ። ሂሩት እዚሁ ያደገች ስለሆነች አንቱታ አታውቅም።

«እቴቴ፣ ስሚኝ። የታኩያ እናት ትንሽ መታጠቢያ ለብቻ ተከራይታለች። ለሁለታችሁ ብቻ። ከዚያ ደግሞ ምን አለች መሰለሽ፤ ‹ካላስቸገርኳት ጀርባዋን ማጠብ እፈልጋለሁ› አለች።»

«ጀርባዬን? ምነው፣ እጅ የለኝም?»

ሂሩት አባቷን አየች። ጋሽ አበራ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እቴቴ፣ እነሱ ዘንድ ሰው የሌላውን ጀርባ የሚያጥበው ሲያከብረው፣ ሲቀርበው ነው። ልጅ ለአባቱ ያደርገዋል። ምራት ለአማቷ ታደርገዋለች።»

እትዬ ውብዓለም አሰቡ። «እግር ማጠብ በለኛ።»

«አዎ፣ እንደ እግር ማጠብ።»

«ታዲያ ከመጀመሪያው እንዲህ አትልም?» አሉና ፓስፖርታቸውን ሊፈልጉ ተነሡ።

ሠርጉ በየካቲት ሆነ። እኔም የሂሩት ወዳጅ ሆኜ አብሬ ሄድኩ። ጋሽ አበራ ቶኪዮ ስንወርድ ሕፃን ሆነው ነበር፤ ባቡር ውስጥ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ዝም ብለው ተቀምጠው፣ አንድም ሰው ስልክ እንደማያወራ በዓይናቸው ይጠቁሙኛል። የሳሉት ነገር እውነት ሆኖ ባዩት ቁጥር ክርኔን ይነካሉ፤ እንዳልሆነ ባዩት ቁጥር ደግሞ ይበልጥ ይነካሉ።

ግብዣው ላይ ግን የገዛ መጽሐፋቸውን ረሱት። ደስታ ነው። የታኩያ አባት አጠገባቸው ተቀምጠዋል፣ ቃል ባይግባቡም መጠጥ እየተቀዳዱ ይሳሳቃሉ። ጋሽ አበራ ከሳህናቸው ያማረውን ቁራጭ በቾፕስቲክ አንሥተው ለሰውየው ዘረጉ፤ የታኩያ አባትም ሳያስቡት በራሳቸው ቾፕስቲክ ሊቀበሉ ብድግ አደረጉ። የጠረጴዛው ሰው ሁሉ ዞሮ አያቸው። ከቾፕስቲክ ወደ ቾፕስቲክ መቀባበል እዚያ አገር የሚደረገው በቀብር ጊዜ፣ የተቃጠለ አስከሬን አጥንት ሲለቀም ነው። ጋሽ አበራ ራሳቸው በቀይ ቀለም «በፍጹም!» ብለው የጻፉበት ገጽ ነው። እጃቸው አየር ላይ ደረቀ፤ ፊታቸው ሲለዋወጥ አየሁት።

የታኩያ አባት ቾፕስቲካቸውን አስቀመጡ። እጃቸውን አጣጠፉና አፋቸውን ከፈቱ።

ጋሽ አበራ አጎረሷቸው። ጠረጴዛው በሙሉ በሳቅ ፈረሰ፤ የታኩያ አጎቶች ተራ እየጠበቁ አፋቸውን ይከፍቱ ጀመር።

በማግስቱ ፍልውሃው ቤት ሄድን። ከእንጨት የተሠራች፣ በረዶ የከበባት ትንሽ ቤት ናት። እትዬ ውብዓለም ብቻዬን አልገባም ስላሉ እኔም ገባሁ፤ ጃፓንኛ የማልችል አስተርጓሚ ሆኜ። ራቁቴን መሆን ከሁሉም ይልቅ እኔን ጨነቀኝ። እትዬ ውብዓለም ግን ነጠላቸውን አጥፈው ቅርጫት ውስጥ አስቀመጡ፣ ቀጥ ብለው ቆሙ። የታኩያ እናት ፀጉራቸው ነጭ፣ አጭር ሴት ናቸው። ዓይናቸውን አልሰበሩም፣ እንዳላዩም አልሆኑም። ቀረብ ብለው የእትዬ ውብዓለምን የአንገት መስመሮች በደንብ አዩና ከሂሩት የተማሩትን ቃል ተናገሩ።

«ኮንጆ።»

ከዚያ በትንሿ የእንጨት በርጩማ ላይ አስቀምጠዋቸው፣ ፎጣ በሳሙና ነክረው ጀርባቸውን ቀስ አድርገው አጠቡላቸው። እትዬ ውብዓለም ዓይናቸውን ጨፈኑ። ሲጨርሱላቸው ፎጣውን ተቀበሏቸውና፣ «በይ አንቺ ደሞ ዙሪ» አሉ በአማርኛ። መተርጎም አላስፈለገኝም። ሴትዮዋ ዞሩ። እትዬ ውብዓለም እያጠቡ ድሮ ሂሩትን ሲያጥቡ የሚያንጎራጉሩትን ያንጎራጉሩ ጀመር። ውሃው ውስጥ ሲገቡ፣ «ጠበል ነው እንጂ ይሄ!» ሲሉ ሰማኋቸው።

እኔ ሙቀቱን አልቻልኩትም፤ ቀድሜያቸው ወጣሁ። ጋሽ አበራ ከበሩ ፊት ለፊት አግዳሚ ላይ ተቀምጠዋል። ብርዱ ጆሯቸውን አቅልቶታል። ሲያዩኝ ተነሡ።

«አለቀሰች?»

«ያንጎራጉራሉ።»

«ምን?»

«ያንጎራጉራሉ፣ ጋሼ። ይስሙ።»

ከእንጨቱ ግድግዳ በስተኋላ የእትዬ ውብዓለም ድምፅ ይሰማል። ጋሽ አበራ ኮፍያቸውን አውልቀው ፊታቸውን ሸፈኑበት። አጠገባቸው ቆምኩ። ኮፍያውን አነሡ፣ ዓይናቸውን በመዳፋቸው ጠረጉ።

«ትዕግሥት።»

«አቤት ጋሼ።»

«መጽሐፉ ላይ ‹ፍልውሃ ውስጥ ድምፅህን አታሰማ› ብዬ ነበር። ተሳስቻለሁ። አርሚልኝ።»

መጽሐፉን ያተምነው ከተመለስን በኋላ ነው። መጨረሻው ላይ «የተሳሳትኩት» የሚል ምዕራፍ ጨመሩበት፤ ከሌሎቹ ሁሉ ረዘመ። ጉርሻው አለበት፣ እንጉርጉሮው አለበት። ያ የሚያርማቸው ተማሪ ለሁለተኛ ጊዜ ቶኪዮ ሲሄድ መጽሐፉን ይዞ ሄደ። እኛ ማተሚያ ቤት የሚሠሩት ሆላንዳውያን ሳይቀሩ ማንበብ ባይችሉም የመጸዳጃ ቤቱን ገጽ ግድግዳ ላይ ለጥፈውታል።

ሂሩትና ታኩያ እዚያው ቀሩ፣ ሴት ልጅ ወለዱ። ታኩያ ስንት ደጅ ጠንቶ ለአማቱ የመኖሪያ ፈቃድ አገኘላቸው። እትዬ ውብዓለም ዴን ሃግን አለቅም አሉ፤ በበጋ እየሄዱ ይጠይቋቸዋል፤ በክረምት አይሄዱም፣ ሩጫው ያመልጣቸዋላ።

ጋሽ አበራ ባለፈው ማክሰኞ ደወሉልኝ። እኔ ጠዋት በሜትሮ ባቡር ወደ ሥራ እየሄድኩ ነው፤ እሳቸው ዘንድ ከሰዓት ሆኗል። በምስል ሲታዩ ቢጫ ሰደርያ ለብሰዋል፣ እጃቸው ላይ ቢጫ ባንዲራ ይዘዋል። በሠፈራቸው ሽማግሌዎች ተራ ገብተው የትምህርት ቤት ልጆችን መንገድ ያሻግራሉ፤ እሳቸውም ተመዝግበው ማክሰኞና ዓርብ ደርሷቸዋል።

«ጃፓንኛውስ እንዴት ነው?» አልኳቸው።

«የአንደኛ ክፍል ልጆች ያርሙኛል። በጣም ጎበዞች ናቸው፣ አንድም ስህተት አያሳልፉም!» አሉ፣ ደስ ብሏቸው። «አንዷን አስተማሪዋ፣ ‹እኚህ ሰውዬ ከየት ነው የመጡት?› ብላ ጠየቀቻት አሉ። ምን ብትል ጥሩ ነው? ‹ከመንገዱ ማዶ።›»

ሳቃቸው ሜትሮ ውስጥ ያለውን ሰው ሁሉ አዞረብኝ።

«በይ፣ ልጆቹ ወጡ!» አሉና ስልኩን ሳይዘጉት ኪሳቸው ውስጥ ከተቱት። ምስሉ ጨለመ። የልጆች ጫጫታ መጣ፣ መኪና ሲቆም ተሰማ፣ ከዚያም የጋሽ አበራ ድምፅ፣ በዚያ በተሰባበረ ጃፓንኛ፣ «ቀስ፣ ቀስ» የሚሉ መሰለኝ። አንዲት ልጅ አረመቻቸው፤ እሳቸውም ከእሷ ኋላ ደገሙት።

እስከምወርድበት ጣቢያ ድረስ አልዘጋሁትም።